ለልጄ፣ ኤርዙሩም፣ ቱርክ፦ ከእንግዲህ ብር አትላኪ

ሆዴ፣ እንደምን አለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አያትሽም ወንድምሽም ደህና ናቸው። ደሴ ሰሞኑን ጉም በጉም ሆናለች፤ የጦሳን ተራራ ካየነው ሰንብተናል። በስልክ ከማወራሽ ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ነው። በስልክ ቶሎ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ የጀመርኩትን አልጨርስም።

ነገሩ ይሄ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ብር አትላኪ። ለእኔም፣ ስልክ ግዢልኝ ላለሽ ለአጎትሽ ልጅም፣ ለማንም።

የኤርዙሩምና የደሴ ሰዓት አንድ ነው። ወንድምሽ ካርታ ላይ አሳይቶኛል፤ ከተማሽ ከእኛ ብዙም ወደ ጎን ሳትል ወደ ሰሜን ነው ያለችው። እኛ ጋ ሌሊት ሲሆን አንቺም ጋ ሌሊት ነው። ባለፈው እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ኢሞ ስከፍት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንቺም አለሽ። «ገና ደብተር መክፈቴ ነው እማዬ» አልሽኝ። እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር ብልሽ ዝም አልሽ። ወንድምሽን ወጥሬ ስይዘው ነው፣ ማታ ማታ ካፌ ውስጥ ሳህን እንደምታጥቢ የነገረኝ።

ሥራ ነውር ሆኖ አይደለም። እኔም ባልትና ፈጭቼ፣ ሰኞ ገበያ ወጥቼ ነው ያሳደግኳችሁ። ግን አንቺ የሄድሽው ለመማር ነው። ደግሞ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት እዚያ አገር ቅጣት አለው፤ ከአገር እስከ ማስወጣት ሊደርስ ይችላል። ለሰው ስልክ መግዣ ብለሽ ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሽበትን ታጪዋለሽ?

ከስኮላርሺፑ የምታገኚው ገንዘብ ደሞዝ አይደለም። የቱርክ መንግሥት ዶርሙን፣ የትምህርቱን ክፍያና የጤና መድኅኑን ችሎ፣ በየወሩ የሚሰጥሽ ለራስሽ መኖሪያ ነው። እዚህ ያለው ሰው ግን ሊራውን ወዲያው በብር ይመታዋል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ ገዝፎ ይታየዋል። ሊራም እኮ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቱርክ ውስጥ የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ80 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በርበሬ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ የዋጋ ንረት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሰው እጁ ላይ የያዘው ብር ብዙ መስሎት ገበያ ይወጣል፣ ዘንቢሉን ሳይሞላ ይመለሳል። ስለዚህ ገንዘብሽን እዚያው ባለው ዳቦና ሾርባ ለኪው። በደሴ ብር አትምቺው።

ብርዱም አለ። የደሴ ልጅ ብርድ አይፈራም ይላሉ። እውነት ነው፣ እኛ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ኤርዙሩም 1,900 ገደማ ላይ። ግን የእናንተ ክረምት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ይህ ከኛ ውርጭ ጋር አይገናኝም። ጫማሽ ከሥር ተከፍቶ በረዶ እንደሚያስገባ ለወንድምሽ ነግረሽዋል። በዚያው ሳምንት ለአጎትሽ ልጅ የስልክ ብር ልከሻል። ይህን ስሰማ ምግብ አልወርድ አለኝ።

ለምን እንደምትልኪ ይገባኛል። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ፣ በሐረጎ ቁልቁል ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ አዲስ አበባ አጎትሽ ቤት ነው ያረፍነው። ልጆቹን ሳሎን አስተኝቶ መኝታ ክፍሉን ለእኛ ለቀቀ። አንዲት ቀን ፊቱ አልጠቆረብንም። ያኔ ትንሽ ልጅ አልነበርሽም፣ ሁሉንም አይተሻል። ውለታው አለብን ብለሽ ታስቢያለሽ። አዎ፣ አለብን። ግን ዕዳው የእኔ ነው። በእኔ አቅም፣ በእኔ ጊዜ የምመልሰው ነው። አንቺ ላይ አልፎ እንዲወርድ አልፈቅድም።

ለአጎትሽ ደውዬለታለሁ። ልጁ ስልክ ግዢልኝ ብሎ እንደጻፈልሽ አያውቅም ነበር። በጣም ነው ያዘነው። «ልጅቷን የሸኘናት እንድትማር ነው» አለኝ። አብሽሪ፣ አልተቀየመሽም፣ እኔንም አልተቀየመኝም። ሌላ ሰው ከጻፈልሽ አንድ መልስ ብቻ ስጪ፦ «እማዬን አነጋግሯት»። እኔ አነጋግራቸዋለሁ።

በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አንቺ ከእነሱ አንዷ ነሽ፤ ያውም ጦርነት ካቋረጠው ትምህርት ተነስተሽ። ከዚያ አንድ ቃል ቱርክኛ ሳታውቂ ሄደሽ በአንድ ዓመት ሲ1 የሚባለው ከፍተኛ የቋንቋ ደረጃ ላይ ደረስሽ። ግሱ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቀለለኝ ብለሽኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? አሁን ግን ፊዚክሱንም ካልኩለሱንም በዚያው ቋንቋ ነው የምትማሪው። የአገሩ ልጆች አንዴ አንብበው የሚያልፉትን አንቺ ደጋግመሽ ማንበብ አለብሽ። ሰዓት ያስፈልግሻል። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ኮርስ መውደቅሽን ሰምቻለሁ። በመውደቅሽ አልቆጣም፣ ሰው ይወድቃል። የማጥኛ ሰዓትሽ ሳህን ላይ ማለቁ ነው የሚያንገበግበኝ። ካፌውን ተዪ። በዚህ አልደራደርም።

ለእኔ የላክሽልኝን አልነካሁትም። ባንክ ነው ያለው። መጀመሪያ ከእሱ ላይ የጫማሽን መግዣ እልክልሻለሁ። ከኢድ በፊት ወደ ኢስታንቡል የሚሄድ የሰፈራችን ሰው አለ፣ ለእሱ አስይዘዋለሁ። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶና በርበሬም አዘጋጅቻለሁ። ከኢስታንቡል አንቺ ጋ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ዕቃውን ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ይልክልሻል። ሲነሳ እደውልልሻለሁ። ጫማው ወፍራምና ውሃ የማያስገባ ይሁን፣ በርካሽ አትሸወጂ።

የቀረው ለትኬት ነው። ስኮላርሺፑ የሚችለው የመሄጃሽንና ጨርሰሽ የምትመለሺበትን ነው፣ የመሃሉ የራሳችን ነው። ከባልትናው ላይ በየወሩ እጨምርበታለሁ፣ ወንድምሽም አዋጣለሁ ብሏል። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ፣ እዚህ ክረምቱ ሲገባ ትመጫለሽ። አያትሽ በየቡናው ዱዓ ስታደርግ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም። የላይኛዋ ጎረቤታችንም ለሚካኤል ተስላልሻለች፣ ስትመጪ አብረን እናደርሳለን ትላለች።

ሁለት ነገር ቶሎ አጣሪልኝ። አንደኛ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ መቼ ነው የሚያበቃው? እዚህ እያለሽ ካበቃ መመለሱ ጣጣ አለው፤ ማደስ ካለብሽ ከመምጣትሽ በፊት አድሺ። ሁለተኛ፣ የወደቅሽበት ኮርስ የመጨረሻ ፈተና መቼ ነው? ትኬቱን ከፈተናው በኋላ ነው የምንቆርጠው። ሁለቱን ቀን ጽፈሽ ለወንድምሽ ላኪለት።

እናትሽ
ደሴ