ጉሩፓችን የማን ነው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እኔ ደሴ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ልጆች ጋር ስክሪን የምንፈላለገው፣ ዋጋ የምንጠያየቀው በአንድ ጉሩፕ ነበር፣ አድሚኑ ከአንዱ ጋር ተጣላና (በምን እንደሆነ ይቅር) ዘጋው፣ የስንት ቦርድ ፎቶ፣ የቱ ገመድ የት እንደሚበየድ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ሄደ።

ማስቶዶን የሚሉት ማኅበራዊ ሚዲያ ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሰርቨሩ (ጽሑፉና ፎቶው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) በየሰዉ እጅ ሆኖ አክቲቪቲፐብ በሚባል ፕሮቶኮል፣ ማለትም በጋራ መግባቢያ ደንብ ይገናኛል፣ እንደኛ ቅሬ (እድር) በሉት፣ የየሰፈሩ ቅሬ የራሱ ዳኛ አለው፣ ለቅሶ ሲሆን ግን ይደራረሳል። አንዱ ሰርቨር ቢከፋህ ተከታዮችህን ይዘህ ወደሌላው ትዞራለህ፣ የድሮ ፖስትህ ግን አይከተልህም፣ እሱ ያናድዳል።

የራሳችንን ሰርቨር ብናቆም ወጪውን ማን ይችላል ለምትሉ፣ እኛው እናዋጣ ባይ ነኝ። ሰርቨር የሚገባችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ካላችሁ ብቅ በሉ፣ ሻይ በኔ።