ርዕስ በመወፈሩ ብቻ ርዕስ አይሆንም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሐረር ከተማ የመጽሐፍና የመጽሔት ገጽ በማቀናበር የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ስለ ጀጎል ቅርስ የተዘጋጀ አንድ መጽሔት በቅርቡ በድረ ገጽ ወጥቶ በስልኬ ብከፍተው፣ ርዕሶቹ ከተራው ጽሑፍ የሚለዩት በመወፈራቸው ብቻ ነበር፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹም በአንቀጾቹ መሐል ተሰንቅረው አገኘኋቸው፤ ለዚያ ሁሉ የጸሐፊዎቹ ድካም አዘንኩ።

ችግሩ የሚጀምረው ገጹ ሲቀናበር ነው። ኢንዲዛይን በተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ ርዕሱን በእጁ አሳድጎና አወፍሮ ከተወው፣ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ድረ ገጽ ወደሚጻፍበት ቋንቋ፣ ወደ ኤችቲኤምኤል፣ ሲያወጣ እንደ ተራ አንቀጽ ይቆጥረዋል፤ ለርዕስ፣ ለንዑስ ርዕስና ለአንቀጽ የየራሳቸው ስታይል (ስም ተሰጥቶት የተቀመጠ የአጻጻፍ ቅርጽ) ተሰጥቶ እያንዳንዱ ከተገቢው ታግ (የጽሑፉን ዓይነት ከሚያሳውቅ የኤችቲኤምኤል ምልክት) ጋር ከተያያዘ ግን መዋቅሩ ሳይፈርስ ይሻገራል። በዚህ ጉድለት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ዓይነ ስውር አንባቢ ነው፤ ስክሪን ሪደር የተባለው ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ከርዕስ ወደ ርዕስ የሚያሻግረው በታጉ እንጂ በፊደሉ መጠን አይደለምና።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለምን ፊደላት በኮምፒውተር በአንድ ሥርዓት በሚወክለው መስፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ከመካተቱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶችም አስቀድመው ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጡ በድረ ገጽ ላይ የማይነበቡ ምልክቶች ሆነው ይቀራሉ።

አሳታሚዎች ሥራ ሲያዋውሉ ለማተሚያ ቤት ከሚሄደው ፒዲኤፍ ጋር በስታይል የተደራጀውን ዋናውን ፋይል ጭምር እንዲረከቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የገጽ አቀናባሪ፣ ከሐረር