ግልጽ ደብዳቤ፦ ጉድለት ላለበት ጫማ ዳኛው ማን ነው?

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ጉድለት ያለበት ጫማ የሚለወጥበት ወይም ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

በከተማችን ባሉ ጫማ ቤቶች ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ጽሑፉ ሻጩ በራሱ ሥልጣን ያወጣው ሕግ እስኪመስል ድረስ ሸማቹም ለምዶት፣ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ይዞ ለመመለስ ሲነሳ አስቀድሞ ተስፋ የሚቆርጠው ያንን ወረቀት አስታውሶ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ካለም ሸማቹ በተሻለው ከመጠቀም አይከለከልም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው ኃላፊ መሆኑን አስቀምጧል። ስለዚህ ጥያቄዬ አዲስ ሕግ ይውጣልን የሚል ሳይሆን፣ ያለው ሕግ ጫማ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንዳይቀር ይደረግልን የሚል ነው።

ክርክሩ የሚነሳው ሕጉ ላይ ሳይሆን «ያበላሸው ማን ነው?» በሚለው ላይ ነው። ባለፈው የትምህርት መክፈቻ ሰሞን ለልጄ ከፒያሳ አካባቢ ጥቁር የተማሪ ጫማ ስገዛ ሻጩ የስድስት ወር ጋራንቲ እንዳለው በቃል አረጋግጦልኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሶሉ ከፊት ተላቀቀ፤ ተረከዙም እንደ ደረቅ ድርቆሽ ይፈረፈር ጀመር። ጫማውን ስመልስ ሻጩ አገላብጦ አየውና «ውኃ አስገብታችሁበታል፤ ጋራንቲው ይህን አይሸፍንም» አለኝ። እኔ ውኃ አልነካውም እላለሁ፤ እርሱ ነክቶታል ይላል። በመካከላችን ቆሞ የሚፈርድ ሦስተኛ ሰው ስለሌለ የመጨረሻው ቃል የሻጩ ይሆናል፤ አዋጁ የሰጠው የ15 ቀን ጊዜም በምልልስ ያልቃል።

የጫማ ብልሽት ምክንያቱ ግን ተመርምሮ የማይደረስበት ነገር አይደለም። በገበያችን ከሚሸጡት ጫማዎች ብዙዎቹ ሶላቸው በክር ያልተሰፋ፣ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ነው። ከመጣበቁ በፊት የሚጋጠመው ገጽ በሚገባ ካልተሞረደና ካልተጠረገ ማስቲሹ አይዘልቅም፤ ሲላቀቅም ማስቲሹ በሙሉ በአንዱ ገጽ ላይ ቀርቶ ሌላው ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ፖሊዩረቴን ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራው ቀለል ያለ ሶል ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ውስጡ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ይህም ጫማው ማንም ሳይጫማው በካርቶን ውስጥ እያለ የሚቀጥል ሂደት ነው። ለዓመታት መጋዘን የከረመ ጫማ ከላይ ሲያዩት አዲስ መስሎ፣ ሰው በተጫማው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊፈረካከስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ብልሽት የሸማቹ ጥፋት አይደለም። በእርግጥ የቸርቻሪውም ላይሆን ይችላል፤ ከአከፋፋይ ሲረከብ ጫማው መቼ እንደተመረተ የሚነግረው ምልክት ላያገኝ ይችላልና። ቢሆንም ወደ አከፋፋዩ መመለስ የሚችለው ቸርቻሪው እንጂ በአንድ ጥንድ ጫማ የተጎዳው ወላጅ አይደለም።

ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በቅዳሜ ገበያም ሆነ በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው ዕድሜያቸውን በጫማ ጥገና ያሳለፉ ጫማ ሰፊዎች፣ ሶሉ በአጠቃቀም የተቀደደ ይሁን ከመጀመሪያው ያልተያዘ፣ በእጃቸው ዳሰው ይናገራሉ። መምሪያው ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል መርጦ፣ አለመግባባት ሲነሳ ጫማውን አይተው አስተያየታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡ ቢያደርግ፣ ለሸማቹ ብቻ ሳይሆን በእውነት ውኃ ውስጥ የዋለ ጫማ ለሚመለስበት ነጋዴም ፍትሕ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ማስረጃ ነው። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ቢኖርበትም «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንስልሃለን» የሚለው አነጋገር በገበያው እንግዳ አይደለም። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ የቀረለት የሚመስለው ሸማች ያተረፈ ይመስለዋል፤ ጫማው በተበላሸ ዕለት ግን የትና መቼ እንደገዛው የሚያሳይበት ወረቀት በእጁ የለም። በባንክ ወይም በቴሌብር የተከፈለበት መልእክት፣ ቢያንስ አቤቱታ ለመቀበል፣ እንደ ማስረጃ ቢያዝ የብዙዎች እንግልት ይቀንሳል። የቃል ጋራንቲም ከዚሁ አይለይም፤ ስንት ወር እንደሆነና ምን ምን እንደሚሸፍን ደረሰኙ ላይ ወይም ከሱቁ ማኅተም ጋር በቁራጭ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ፣ ሻጩ ሲያሻው የሚያጥፈው ቃል ነው።

ስለ መስተንግዶውም አንድ ነገር ልጨምር። ይኸው አዋጅ ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ጫማ ሊመልስ የመጣን ሰው በሌሎች ገዢዎች ፊት እንደ አጭበርባሪ ማንጓጠጥ ከዚህ ጋር አብሮ አይሄድም።

በመሆኑም መምሪያው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚሉት ጽሑፎች እንዲነሱና በምትካቸው የ15 ቀኑ መብት በግልጽ እንዲለጠፍ፣ ጫማ ሻጮች የሚሰጡትን ጋራንቲ በጽሑፍ እንዲያደርጉ፣ እንዲሁም አቤቱታ የሚቀበል አንድ የታወቀ ቢሮና ውሳኔ የሚሰጥበት የተወሰነ የጊዜ ገደብ ለነዋሪው እንዲገለጽ እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የተማሪ ጫማ በብዛት የሚሸጠው በአዲስ ዓመት መግቢያ በመሆኑ፣ ምላሹ ከመጪው መስከረም በፊት በመምሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳና በየክፍለ ከተማው ቢነገር ለብዙ ወላጆች ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጎንደር ነዋሪና ወላጅ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ንግድና ገበያ ልማት ቢሮ
ባሕር ዳር