ቅዳሜ ማለዳ አሞራ ገደል እንሥላለን

ሰላም ቤተሰብ፣

የፊታችን ቅዳሜ ሐዋሳ ሀይቅ ዳር ወጥተን በውሃ ቀለም እንሥላለን። የምንገናኘው ከጠዋቱ 12፡30 አሞራ ገደል መግቢያ በር ላይ ነው። በሐበሻ ሰዓት! "የፈረንጅ መስሎኝ" የሚል ምክንያት ዘንድሮ አይሠራም።

ማለዳ የሆነው በምክንያት ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር የሚያስጠጉት ያኔ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ትርፍራፊ ሲጠብቁ እዚያው ተገትረው ይቆማሉ። አንገታቸውን ቀብረው እንደ ሽማግሌ ስለሚቆዝሙ ለጀማሪ ከነሱ የተሻለ ሞዴል የለም። ረፈድ ካለ ግን ፀሐዩ ይከርራል፤ ቀለሙም ሳይዋሃድ ወረቀቱ ላይ ይደርቃል። ለማንኛውም የምንቀመጠው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ዓይን ያጭበረብራል።

ቀለም፣ 2 ብሩሽ፣ እርሳስ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ኮፍያና አንድ ሃይላንድ ውሃ ያዙ። ወረቀቱ ወፍራሙ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ቢሆን ይመረጣል፤ የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይኮማተራል። ጠርዙን በፕላስተር ካርቶን ላይ ለጥፉት። ነጭ ቀለም ፍለጋ አትድከሙ። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ የአባ ኮዳውን ሆድ ሳትነኩ ተዉት።

ቁርስ ይዛችሁ ከመጣችሁ ቦርሳችሁን ዝጉ፣ ጦጣዎቹ አይምሩም። ብሩሽ የታጠበበትን ውሃ ሀይቁ ውስጥ አንደፋም።

4 ሰዓት ላይ ሥዕሎቻችንን ደርድረን እናያለን፣ ከዚያ ዓሣ ጥብስ። ሒሳብ በየግል ነው።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ "አለሁ" በሉ። ዝናብ ከጣለ ወደ እሁድ ይዛወር ወይስ ይቅር? እሱንም አብራችሁ ጻፉ። ትርፍ ብሩሽ ያላችሁም አሳውቁን፣ 2 አዲስ አባላት ገና አልገዙም።