ኮንሶሉን የሸጠው ጌሙ ነውን?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ቪዲዮ ጌም ገበያ ያወጣችሁት ጽሑፍ አንድ ተወዳጅ ጌም የኮንሶልን፣ ማለትም የጌም መጫወቻ ማሽንን፣ ሽያጭ ብቻውን ሊያነሣ እንደሚችል ይናገራል። ከመደጋገሙ ብዛት ማንም የማይጠይቀው አባባል ሆኗል፤ ለእኔ ግን ሊዋጥልኝ አልቻለም።

የመኪና እሽቅድምድም ጌሙን ማሪዮ ካርት 8ን ልጥቀስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጌሙ በ2014 ዊ ዩ ለተባለው የጃፓኑ ኩባንያ የኒንቴንዶ ኮንሶል ወጥቶ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ዊ ዩ ራሱ በዕድሜው ሁሉ የተሸጠው 13.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ከአንድ ጌም ምን ይጠበቃል? ኮንሶሉ ግን አልተረፈም። ያው ጌም ጥቂት ታክሎበት በ2017 ወደ ተከታዩ የኒንቴንዶ ኮንሶል፣ ወደ ስዊች፣ ሲሻገር ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሾፌሩ ያው ማሪዮ፣ በመጨረሻው ዙር መሪውን አሳዶ የሚመታውም ያው ሰማያዊ የኤሊ ቅርፊት ነው። የተለወጠው ማሽኑ ነው። ዊ ዩን በስሙ ምክንያት የቀድሞው ኮንሶል የዊ ተቀጥላ ዕቃ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ፤ ባለ ስክሪን መቆጣጠሪያውም ከዋናው ሣጥን ራቅ ካለ አይሠራም። ስዊችን ግን ከቴሌቪዥኑ አላቅቆ ይዞ መሄድ ይቻላል።

«ዜልዳ የተባለው የኒንቴንዶ ጌምስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ በማርች 2017 አሜሪካ ውስጥ 906 ሺሕ ስዊች ሲሸጥ የዜልዳ የስዊች ቅጂ 925 ሺሕ ደርሷል፤ ጌሙ ማሽኑን በልጦታል! ይሁንና ያው ጌም በዚያው ቀን ለዊ ዩም ወጥቷል። እርግጥ የዊ ዩ ምርት ቀደም ብሎ ቆሟል። ዜልዳን የመሰለ ጌም እየመጣለት ኒንቴንዶ ራሱ ተስፋ የቆረጠበት ለምን ይሆን?

የምቀበለው አንድ ጉዳይ አለ፤ በ2006 በብዙ አገሮች ከዊ ጋር በአንድ ካርቶን የቀረበው ዊ ስፖርትስ። መቆጣጠሪያውን እንደ ቴኒስ ራኬት የሚወዘውዝ ሰው ያየ ሁሉ ስለ ማሽኑ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ወደፊት እንዲህ ያለ ዘገባ ስታወጡ ከጌሙ ስም ጎን የኮንሶሉን ዋጋና አቅርቦትም አስቀምጡልን። በ2009 የሶኒ ኮንሶል ፕሌይስቴሽን 3 በአሜሪካ ከ399 ወደ 299 ዶላር ሲወርድ ሽያጩ ዘልሏል፤ በዚያ ሰሞን የወጣ ጌም ሁሉ ምስጋናውን ሊወስድ ይችል ነበር። በማርች 2020 ዓለም ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ የወጣው የስዊች ጌም አኒማል ክሮሲንግም እንዲሁ ነው፤ ከስዊች ሽያጭ ስንቱን ለጌሙ፣ ስንቱን ለወረርሽኙ እንደምትሰጡ ብትጽፉ አነብላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ