አሳው ሳይታይ መድኃኒት አይደፋበት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ከብትና ስለ ዶሮ ጤና ብዙ ይጻፋል፤ ዛሬ ለኩሬ አሳ ትንሽ ቦታ ስጡኝ። የማወራው ስለምንበላው ቆሮሶ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢውና በየሆቴሉ ለዓይን ተብሎ ስለሚቀመጠው ጎልድፊሽና ኮይ ነው።

አሳው ገላውን ድንጋይ ላይ ማሸት ሲጀምር፣ ክንፉን ሰብስቦ ውሃ የሚወርድበት ጋ ሲቆም፣ ባለቤቱ የሚሮጠው ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። እዚያ አሳውን ያየ የለም። «ትል ይሆናል» ተብሎ የከብት አይቨርሜክቲን ይሸጥለታል፣ ያ ካልሆነም ቤት የተረፈች ቴትራሳይክሊን ኩሬው ውስጥ ትበተናለች። አይቨርሜክቲን ለአሳ መርዝ ነው። ቴትራሳይክሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ አሳውን የሚያሳክከውን ጥገኛ ተውሳክ አይነካውም፤ ይባስ ብሎ ፊልተሩ ውስጥ ውሃውን የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል።

ኩሬ መንከባከብ እንጀራዬ ስለሆነ በብዛት የሚገጥመኝ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ነው። አሳው ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። በሽታውን የሚያመጣው ተውሳክ ቆዳው ስር ተቀብሮ እስካለ ድረስ መድኃኒት አይደርስበትም። ሲጠግብ ወደ ኩሬው ወለል ይወርድና ሽፋን ሠርቶ ይከፋፈላል፣ ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይለቃል፤ እነሱም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አሳ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒቱ የሚገድለው እነዚህን ዋናተኞች ብቻ ነው። ስለዚህ አንዴ ደፍቶ «ነጠብጣቡ ጠፋ፣ ዳነ» ማለት የለም፣ ይደጋገማል። ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የተውሳኩ የሕይወት ዙር በሳምንት ውስጥ ያልቃል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ሳምንታት ይፈጃል። የእኛ ኩሬ ማታ ማታ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የሞቃት አገር መመሪያ ላይ የተጻፈውን የቀን ብዛት እንዳለ ገልብጦ መጠቀም እዚህ አይሠራም።

ሌላም አለ። ፎርማሊን የሚባለው ኬሚካል ለዚህ በሽታ ይሠራል፣ ግን ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይቀንሳል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ የአየር ፓምፕ ሳያስገቡ ፎርማሊን መጨመር አሳውን ማፈን ነው። ለጀማሪ ጨው ይሻላል። በሊትር 3 ግራም፣ ማለትም ለ1,000 ሊትር 3 ኪሎ፣ በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያሉ በቀናት ውስጥ። (የውሃ አበባ ካላችሁ ቀድማችሁ አውጡት፣ ጨው አይወድም።) ይህ እንግዲህ የኩሬው ስንት ሊትርነት ከታወቀ ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ አያውቀውም። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን በሜትር ለክቶ አባዝቶ በ1,000 ማብዛት ነው፣ በቃ።

ግን ሁሉም ማሻሸት ነጭ ነጠብጣብ አይደለም። ቆዳና ስንጥብ (አሳው የሚተነፍስበት) ላይ የሚጣበቁ፣ በዓይን የማይታዩ ትሎች አሉ፤ የእነሱ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፣ ያው ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው። ነጭ ነጠብጣብን ደግሞ እሱ አያድነውም። የቱ እንደሆነ የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው። ከአሳው ገላ ልጋጉን በቀስታ ፋቅ አድርጎ፣ በራሱ በኩሬው ውሃ ጠብታ መስተዋት ላይ አድርጎ ማየት፣ የደቂቃዎች ሥራ።

ጥያቄዬ ለእንስሳት ሐኪሞቻችን ነው። የከብት እበት የምታዩበት ማይክሮስኮፕ ለዚህም ይበቃል። አንድ ክሊኒክ አሳ ይዤ ስሄድ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ጠብሰህ ብላው» ተብዬ ተስቆብኛል። እኔም ስቄያለሁ፣ ቀልዱ አይከፋም፤ አሳው ግን ሳይታይ ተመለሰ። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ ሰበታ የአሳ ምርምር ማዕከል ያለን ሰዎች ሆነን መድኃኒት በግምት መድፋታችን አይገባኝም። እናንተም አንድ ባለሙያ ጋብዛችሁ በሰፊው ብታጽፉት ደስ ይለናል።

የሚያይላችሁ ሐኪም ካገኛችሁ ደግሞ የሞተ አሳ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሰዓታት ካለፉት ተውሳኩ ጥሎት ይሄዳል። የታመመውን ከነነፍሱ፣ በኩሬው ውሃ፣ ግማሹ አየር በሆነ ፌስታል አስራችሁ ውሰዱ፤ ሌላ የኩሬ ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ ለብቻ ይዛችሁ።

አንድ የኩሬ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ