ሥራ ለሚፈልጉ አካል ጉዳተኛ አባሎቻችን

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

እሁድ ከቡና በኋላ አንዲት እናት "ልጄ ማየት ተስኖታል፤ ሥራ ማን ይሰጠዋል?" ብለው ጠየቁኝ። ቤት ተቀምጦ የሚውል ልጅ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። እዚህ ሜሪላንድ ዶርስ የሚባለው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ሥራ ለሚፈልግ አካል ጉዳተኛ አማካሪ ይመድባል፤ ከአማካሪው ጋር በምታወጡት የሥራ እቅድ መሠረት ሥልጠና፣ ለሥራው የሚያስፈልግ መሣሪያና የሥራ ፍለጋ እገዛ ሊሰጥ ይችላል። የግድ ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ የሥራ ፈቃድ ግን ይጠየቃል። በአካል ጉዳት ምክንያት ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው ወርሃዊ ድጎማ) የሚቀበል ሥራ ፈላጊ ለዚህ አገልግሎት ብቁ ነው ተብሎ ይታሰባል። ካመለከታችሁ በኋላ የብቁነት ውሳኔው በመደበኛው በ60 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ከተከለከላችሁ ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ፤ ዝም ብላችሁ አትመለሱ! አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ጠይቁ። ቅጹ ለከበዳችሁ፣ ቅዳሜ አብረን እንሞላዋለን፤ የሐኪም ወረቀት ካላችሁ ይዛችሁ ኑ።